ሳይሸጥ የተበላ ቤት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ቤትንና ዕዳን የሚመለከቱ ስለ ሆኑ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ሦስቱም የተጻፉት ከመሐል አዲስ አበባ ነው። የመጀመሪያው ግን መልሱ እስከ ካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ የሚዘልቅ በመሆኑ አብዛኛውን ገጽ ወስዷል።

ጥያቄ፦

ታላቅ እኅቴ በካሊፎርኒያ፣ ከሎስ አንጀለስ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው ሪቨርሳይድ አውራጃ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በ210,000 ዶላር ቤት ገዝታ ነበር። ፎቶግራፉን ልካልን እናታችን በፍሬም አሠርተው ሳሎን ሰቀሉት። በ2009 ቤቱን ባንክ ወሰደባት። ሰባት ዓመት የከፈለችበት ቤት እንዴት ከእጇ እንደ ወጣ እስከ ዛሬ ነግራን አታውቅም፤ ፎቶግራፉም ከግድግዳው አልወረደም። አሁን ከባለቤቷ ጋር ወደ ባሕሩ ቀረብ ባለ ሰፈር ሌላ ቤት አላት። የቤቱ ዋጋ እጅግ ስለ ጨመረ በጭማሪው ላይ ተበድራ፣ እዚህ አራት ኪሎ አቅራቢያ በመሠራት ላይ ካለ ሕንፃ ለባለሦስት መኝታ አፓርታማ ቅድመ ክፍያውን ልትከፍልልን፣ ቀሪውን እኔና ወንድሜ በየሦስት ወሩ እንድንከፍል ሐሳብ አቅርባለች። የምንከፍለው በብር ነው፤ የሚሰላው ግን በዕለቱ የዶላር ምንዛሪ ነው። ያን ጊዜ ምን ደርሶባት ነበር? የአሁኑንስ እሺ እንበል ወይስ እንከልክላት? ለእረፍት መጥታ ከተወችው ሻንጣ ውስጥ ያገኘሁትን የ2006 የብድር መግለጫ ቅጂ አያይዣለሁ። በዚያው ዓመት የእናታችንን ቤት ጣሪያ አሳድሳ፣ የወንድሜንም የኮሌጅ ክፍያ ልካልን ነበር።

(ከአራት ኪሎ)

መልስ፦

የላኩልን ወረቀት ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ ስለሚናገር ከእርሱ እንጀምር። ቅጂው ቢደበዝዝም ሁለት ነገሮች በግልጽ ይነበባሉ፤ የብድሩ ልክ 400,000 ዶላር ነው፤ ዓላማውም የቀድሞውን ብድር ከፍሎ የተረፈውን በጥሬ ገንዘብ ለተበዳሪው መስጠት ነው። በ210,000 ዶላር የተገዛ ቤት በአራት ዓመቱ የ400,000 ዶላር ዕዳ ተሸከመ ማለት ነው። ከገጹ ግርጌ አራት ሣጥኖች ተደርድረዋል፦ አነስተኛ ክፍያ፣ ወለድ ብቻ፣ በ30 ዓመት የሚያልቅ ክፍያ፣ በ15 ዓመት የሚያልቅ ክፍያ። ተበዳሪው በየወሩ ከአራቱ የፈለገውን መርጦ ይከፍላል። እኅትዎ በእስክሪብቶ ያከበቡት የመጀመሪያውን ነው።

ይህ በዚያን ዘመን ኦፕሽን አርም ይባል የነበረው የብድር ዓይነት ነው። አነስተኛው ክፍያ እንዴት ያን ያህል ሊያንስ እንደ ቻለ ለመረዳት ማስላት ይበቃል። በ400,000 ዶላር ላይ የዓመቱ ወለድ ለምሳሌ 7 በመቶ ቢሆን የአንድ ወር ወለዱ ብቻ 2,333 ዶላር ይመጣል። አነስተኛው ክፍያ ግን ወለዱ 1 በመቶ እንደ ሆነ ተደርጎ ስለሚታሰብ 1,287 ዶላር ገደማ ነው። በመካከል የቀረው 1,046 ዶላር አልተሰረዘም፤ በዋናው ብድር ላይ ተደምሯል። በዚህ ዓይነት አንድ ወር እንኳ ሳያጓድሉ የከፈሉ ሰው በዓመቱ መጨረሻ ዕዳቸውን ከ12,000 ዶላር በላይ አድጎ ያገኙታል። አራጣ አበዳሪ እንኳ ወለዱን በጊዜው ጠይቆ ይቀበላል፤ ይኼኛው ግን ዝም ብሎ ያከማች ነበር። ክምችቱ በውሉ የተወሰነው ጣሪያ ላይ ሲደርስ፣ ይህም ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ብድር 110 ወይም 125 በመቶ ነበር፣ ወይም የተወሰነው ዓመት ሲሞላ፣ አራቱ ሣጥኖች ይቀሩና ሙሉው ክፍያ ይጠየቃል።

እኅትዎ በዚህ ብቻቸውን አልነበሩም፤ የተለየ ጥፋት አጥፍተዋል ብዬም አላምንም። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2003 ዋናውን የወለድ ተመን ወደ 1 በመቶ አውርዶት ስለ ነበር ገንዘብ ርካሽ ሆኖ ነበር። የቤት አበዳሪዎቹም ያበደሩትን ገንዘብ እስኪመለስ አይጠብቁም፤ ውሎቹን ጠቅልለው ለዎል ስትሪት ባንኮች ይሸጣሉ፣ እነዚያም መልሰው ለዓለም ባለሀብት ይቸረችሯቸዋል። አበዳሪው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ከጉዳዩ ስለሚወጣ የተበዳሪው ገቢ እውነት ይሁን አይሁን የሚያስጨንቀው ነገር አልነበረም፤ ገቢን በቃል ብቻ አስመዝግቦ መበደር የተለመደ ሆኖ ነበር። የዚህ ንግድ እምብርት ደግሞ ያው የካሊፎርኒያ ደቡብ ነበር፤ ትልልቆቹ አበዳሪዎች እዚያ ነበሩ፦ ኒው ሴንቸሪ በኢርቫይን፣ ካንትሪዋይድ በካላባሳስ፣ ኢንዲማክ በፓሳዴና። ማዕከላዊ ባንኩ ተመኑን 17 ጊዜ በተከታታይ ጨምሮ በሰኔ 2006 ወደ 5.25 በመቶ ካደረሰው በኋላ ተበዳሪው መክፈል እያቃተው መጣ። ኒው ሴንቸሪ በሚያዝያ 2007 ለኪሳራ አመለከተ፤ ካንትሪዋይድ በ2008 ለባንክ ኦፍ አሜሪካ ተሸጠ፤ ኢንዲማክን በሐምሌ 2008 መንግሥት ተረከበው።

የቤት ዋጋም ተከተለ። በስድስቱ የደቡብ ካሊፎርኒያ አውራጃዎች በ2007 እስከ 505,000 ዶላር ደርሶ የነበረው የቤት መካከለኛ ዋጋ በሚያዝያ 2009 ወደ 247,000 ዶላር ወረደ። ውድቀቱ ግን በሁሉም ሰፈር አንድ ዓይነት አልነበረም። የባሕሩ ዳርቻ መሬቱ ጠባብ፣ ገዢውም አቅም ያለው ስለ ነበር ዘግይቶና በመጠኑ ወረደ፤ ከባሕሩ ርቀው በሜዳ ላይ በገፍ የተሠሩት የሪቨርሳይድና የሳን በርናርዲኖ ቤቶች ግን ከግማሽ በላይ ዋጋቸውን አጡ። እኅትዎ የነበሩት እዚያ ነው። 400,000 ዶላር ዕዳ ያለበትና ዕዳው በየወሩ የሚያድግ ቤት፣ ቢሸጥ የዕዳውን ግማሽ እንኳ የማያወጣ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ላይ ሥራ ጠፋ፤ በ2010 በካሊፎርኒያ ሥራ አጥነት ከ12 በመቶ በላይ ነበር።

በእኛ ቋንቋ ቤቱን ሸጦ በላው እንላለን። በካሊፎርኒያ የሆነው ከዚህ በአንዲት ቃል ይለያል፤ ሳይሸጡ በሉት። ቤቱ ያው ቤት ነው፤ ክፍሎቹ አልጨመሩም፣ ግቢው አልሰፋም፤ የጨመረው ጎረቤቱ የሸጠበት ዋጋ ብቻ ነው። ባለቤቱም ያንን ዋጋ እንደ ገቢ ቆጥሮ ለመኪና፣ ለወጥ ቤት ማደሻ፣ ለልጅ ትምህርትና ለዘመድ አዋለው። በ2007 የአሜሪካ ቤተሰብ በአማካይ ለእያንዳንዱ 1 ዶላር የዓመት ገቢው ከ1.25 ዶላር በላይ ዕዳ ነበረበት።

አሁን የምለውን በቅሬታ እንዳያዩብኝ እለምናለሁ። የእናትዎ ጣሪያ የታደሰውና የወንድምዎ ክፍያ የተላከው ይህ ብድር በተፈረመበት ዓመት ነው። እርግጠኛ መሆን ባይቻልም፣ በፎቶግራፉ ላይ ካለው ቤት ጥቂቱ ዛሬ ከእናትዎ ራስ በላይ ያለው ቆርቆሮ ሳይሆን አይቀርም። እኅትዎ ነገሩን ለመንገር የከበዳቸው በዚህ ምክንያት ከሆነ፣ እርስዎ ቀድመው ቢያነሡላቸው ይቀልላቸው ይመስለኛል።

በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ) ለሥራ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄጄ ሳለሁ በፌርፋክስ ጎዳና፣ ሊትል ኢትዮጵያ ተብሎ በተሰየመው ክፍል፣ የተዋወቅሁት አንድ ወንድም ቤቱን አሳይቶኛል። ሦስቱን መኝታ ክፍሎች ለሦስት ሰዎች አከራይቶ እርሱና ባለቤቱ ጋራዡ ውስጥ ይኖሩ ነበር። መኪናቸው ደጅ ታድራለች፤ ጋራዡ ውስጥ ፍራሽ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና በላስቲክ የተሸፈነ መሶብ ነበር። እንግዳ ሲመጣባቸው ከተከራዮቹ ሳሎን ያስፈቅዳሉ። እንዲህ አድርገው ቤታቸውን ያተረፉ ብዙ ነበሩ። ያልቻሉት ወደ ኪራይ ተመለሱ፤ ቤታቸው በባንክ የተወሰደባቸው ሰዎች ታሪክ በብድር መዝገባቸው ላይ ለሰባት ዓመት ስለሚቆይ ቶሎ መበደር አይችሉም ነበር። ያደጉ ልጆች ወደ ወላጆቻቸው ቤት ተመልሰው ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ከአሜሪካ ቤተሰቦች 69 በመቶው በራሳቸው ቤት ይኖሩ የነበረው በ2016 ወደ 63 በመቶ ገደማ ወረደ። ብቻውን የመኖር ኩራት የነበረው ኅብረተሰብ እኛ ድሮ የምናውቀውን ተጠጋግቶ መኖር ተማረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ አሁኑ ሐሳብ እንመለስ። የአሜሪካ ሕግ ከዚያ ወዲህ ጠበቅ ብሏል፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2014 ጀምሮ የቤት አበዳሪ ተበዳሪው መክፈል መቻሉን በማስረጃ የማረጋገጥ ግዴታ አለበት። ስለዚህ አራት ሣጥን ያለው ወረቀት ዳግመኛ ይመጣል ብዬ አልሰጋም። የምሰጋው በሌላ ነው። በቤት ዋጋ ጭማሪ ላይ የሚወሰደው ብድር ብዙውን ጊዜ ወለዱ ተለዋዋጭ ነው፤ የሚከተለውም ፕራይም የሚባለውን፣ ባንኮች ለብድር መነሻ የሚያደርጉትን ተመን ነው። ይህ ተመን በ2022 መጀመሪያ 3.25 በመቶ ነበር፤ በሐምሌ 2023 8.5 በመቶ ደረሰ። በዚያ ላይ የካሊፎርኒያ ሕግ መኖሪያ ቤቱን ለመግዛት በተወሰደ ብድር ላይ ለተበዳሪው ከለላ ይሰጣል፤ ባንኩ ቤቱን ከወሰደ ለጎደለው አይከስስም። ለአዲስ አበባ አፓርታማ ተብሎ በዚያ ቤት ላይ የሚጨመር ብድር ግን ይህ ከለላ የለውም።

በእናንተም በኩል ሌላ ተለዋዋጭ ዕዳ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያን ጊዜ በየሦስት ወሩ 3,000 ዶላር የሚከፍል ውል ቢኖርዎት ኖሮ፣ 171,000 ብር የነበረው ክፍያ ደመወዝዎ አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር ከ300,000 ብር በላይ ይሆን ነበር። እኅትዎ ወለዱ በሚለዋወጥ ብድር፣ እርስዎና ወንድምዎ ምንዛሪው በሚለዋወጥ ክፍያ፣ ገና ላልተጠናቀቀ ሕንፃ ትታሰራላችሁ። ከሁለቱ አንዱ ቢያጓድል የሚጎዳው ሁለቱም ነው፤ በእርስዎ በኩል የሚጠፋው ቅድመ ክፍያ ሊሆን ይችላል፣ በእኅትዎ በኩል ግን ዛሬ የሚያድሩበት ቤት ነው።

ስለዚህ በቀረበው መልክ አይስማሙ። እኅትዎ ሊረዱ ከፈለጉ ሳይበደሩ ከቁጠባቸው የሚችሉትን ያህል ይስጡ፤ በዚያ ልክ፣ ካርታ ያለውና ሰው እየኖረበት ያለ፣ ዋጋውም በብር የተቆረጠ አነስ ያለ ቤት ይፈልጉ። ባለሦስት መኝታው የግድ ከሆነም ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ዶላሩ በእጥፍ ጨምሯል ብለው ክፍያውን አስሉ፤ ከሁለታችሁ ደመወዝ የሚተርፈው ለአስቤዛ የማይበቃ ከሆነ ሻጩ በብር እንዲቆርጥ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ተዉት።

ጥያቄ፦

የአባታችንን ቤት ለመሸጥ ካወጣነው ከዓመት በላይ ሆኖታል። ደላሎቹ በየሳምንቱ ገዢ ይዘው ይመጣሉ፤ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። ገበያ ወድቋል ይላሉ፤ ነገር ግን ማንም ሰው ዋጋ ሲቀንስ አላየሁም። ዋጋ ሳይወርድ ገበያ ወደቀ ይባላል?

(ከፒያሳ፣ ሠራተኛ ሰፈር)

መልስ፦

ይባላል። ከላይ በጠቀስነው በካሊፎርኒያም መጀመሪያ የቀነሰው የሽያጩ ብዛት ነበር፤ ዋጋው የተከተለው ቆየት ብሎ ነው። ሻጭ ባለፈው ዓመት የሰማውን ዋጋ ቶሎ አይረሳም። እዚያ ዋጋውን በግድ ያወረዱት ባንኮች ናቸው፤ የወሰዱትን ቤት በተገኘው ዋጋ ስለሚሸጡት ጎረቤቱም በዚያው ይተመናል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን አብዛኛው ባለቤት ቤቱን ያገኘው በባንክ ብድር ሳይሆን በውርስ፣ በጥሬ ገንዘብ ወይም ጡብ በጡብ እየቀጠለ ስለ ሆነ የሚያስጨንቀው ወርኃዊ ክፍያ የለም፤ ካልተሸጠለት ይቀመጥበታል። በገዢውም በኩል ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር፤ ጣሪያው ኋላ ላይ ከፍ ቢልም ለቤት ግዢ የሚበደር ሰው ዛሬም ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ ዋጋው አልወረደም ማለትዎ በግማሽ ብቻ ትክክል ነው። ቤቱን 20 ሚሊዮን ብር ብላችሁ ሁለት ዓመት ብትጠብቁና በዚያ ጊዜ የሌላው ነገር ሁሉ ዋጋ በየዓመቱ 20 በመቶ ቢጨምር፣ በመጨረሻ የምትቀበሉት 20 ሚሊዮን የዛሬውን 13.9 ሚሊዮን ያህል ብቻ ይገዛል። ደላላው አንድም ቀን ቀንሱ ሳይላችሁ ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ካሊፎርኒያ ዋጋው በቁጥር ስለ ወረደ ሁሉም አየው፤ የእኛው በብሩ ውስጥ ስለሚወርድ አይታይም።

ስለ ሰፈርዎ አንድ ነገር ልጨምር። ፒያሳ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ምክንያት መልኳ ስለ ተለወጠ፣ ሻይ ጠጥቶ የሚሄደው ገዢ በልቡ የያዘው የዋጋ ጥያቄ ላይሆን ይችላል። ልማት ይነካዋል ወይ የሚለውን አፍ አውጥቶ ሳይጠይቅ የሚሄድ ብዙ ነው። ከክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ስለ ይዞታው የጽሑፍ ማረጋገጫ ከወዲሁ አውጡና ከካርታው ጋር አብራችሁ አሳዩ። የወራሾቹም ፊርማ ካልተሟላ አሁኑኑ አሟሉ፤ አንድ ወራሽ ውጭ አገር ሆኖ ውክልናው እስኪመጣ ገዢ የሸሸባቸውን ቤቶች በባንክ ብድር ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዕዳውን ከፍዬ የጨረስኩት ባለሁለት መኝታ ቤት አለኝ። ከአንድ የግል ባንክ ቤቱን አስይዤ ብበደር የገንዘቡን ግማሽ ለልጄ ሠርግ፣ ግማሹን ለታክሲ ሥራ መኪና መግዣ ላውለው አስቤአለሁ። ዘመዶቼ ቤት ከዘጋሽ ምን ይጠቅምሻል፣ ይሥራ እንጂ ይሉኛል።

(ከልደታ)

መልስ፦

ዘመዶችዎ ይሥራ ያሉት ለመኪናው ከሆነ ሊያስኬድ ይችላል፤ መኪናዋ በቀን የምታስገባውን ገንዘብ ከነዳጅ፣ ከጥገና፣ ከኢንሹራንስና ከሹፌር ድርሻ በኋላ አስልተው ከወሩ ክፍያ በላይ የሚተርፍ ከሆነ ቤቱ ሠራ ይባላል። ለሠርጉ የሚውለው ግማሽ ግን ከላይ ያየነው ነው፤ ምንም አያስገባም፣ ክፍያው ግን ለዓመታት ይዘልቃል፤ ያንንም የምትሸከመው ያችው መኪና ናት። እርሷ ጋራዥ በገባች ወር ቤቱ ለሠርጉም ለመኪናውም ዋስ ሆኖ ይቆማል።

የእኛ ሕግም ለተበዳሪው ከካሊፎርኒያው ይልቅ ጠበቅ ያለ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ተበዳሪው በውሉ መሠረት ካልከፈለ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ክስ በሐራጅ መሸጥ ይችላል፤ የሐራጁ ገንዘብ ዕዳውን ካልሸፈነም ቀሪው ዕዳ በእርስዎ ላይ ይቆያል። ስለዚህ ለሠርጉ በዕቁብ የሚደርስዎትንና በእጅዎ ያለውን ቆጥረው ድንኳኑን በዚያ ልክ ያስተክሉ፤ ብድሩንም በመኪናው ዋጋ ብቻ ይወስኑት። ለመፈረም ሲቀመጡም ሠራተኛዋን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የየወሩን ክፍያ ከነወለዱ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ታትሞ እንዲሰጥዎት፣ ባንኩ ወለዱን መለወጥ ይችላል የሚለው አንቀጽም በየትኛው ገጽ እንዳለ በጣቷ እንድታሳይዎት።